የአዋላጆቹ ልብስ

ጌዴዎን የተሳፈረበት ባጃጅ ሱቁ በር ላይ ሲቆም፣ ከኋላ የታጨቁት ካርቶኖች ሸራውን ሊቀዱት ምንም አልቀራቸውም ነበር። እሱ ራሱ ከሹፌሩ ጎን እንደ ነገሩ ተንጠልጥሎ ነው የመጣው። ወርዶ ሱሪውን አራገፈና፣ ከባንኮኒው ጀርባ ጨርቅ ያጣጥፍ ለነበረው ሙሄ ገና ከበሩ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ሙሄ ወንድሜ፣ ሥራ አምጥቼልሃለሁ! የሚያኮራ ሥራ!»

ጌዴዎን ቤተ ክርስቲያኑ ከባሮ ድልድይ ማዶ በቅርቡ የከፈተው የእናቶች ክሊኒክ አስተዳዳሪ ነው። እዚሁ ጋምቤላ ተወልዶ ያደገ፣ ሲናገር እጁም አብሮት የሚናገር፣ ደስታው ከሩቅ የሚታይ ሰው ነው። አንዱን ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ በቁልፉ ጫፍ ቀደደው። በላስቲክ የታሸጉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሕክምና ልብሶች፣ ከሥራቸው ደግሞ ነጫጭ ጋውኖች ታዩ። የአዲስ ጨርቅ ሽታ ሱቁን ሞላው።

«አዲስ አበባ ፋብሪካ ተሰፍቶ ያለቀለት ነው። የቀረው የእኛ ምልክት ብቻ ነው» አለ። «ደረት ኪሱ ላይ አርማችን፣ ከአርማው ሥር የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም። እናቶቹ ማን እንደሚያዋልዳቸው ስሙን ይወቁ ብለናል። አርማው ይኸውልህ።»

ስልኩን አቀበለው። ሙሄ አየ። አንዲት እናት ጎንበስ ብላ ሕፃን ታቅፋለች፤ ከሥሯ ሰማያዊ ወንዝ ይፈስሳል። የሙሄ ፊት ተለወጠ። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋረጃ ሰረቅ አድርጎ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ ጌዴዎን፤ ማሽኑ ተበላሽቷል።»

እሱ ይህን ሲል ከመጋረጃው ጀርባ የጥልፍ ማሽኑ ያለ እፍረት ይንጣጣ ነበር። ጌዴዎን ጆሮውን ወደዚያው ጣል አደረገ።

«ታዲያ ይሄ የምሰማው ምንድን ነው?»

ማሽኑ ቀጥ አለ። መጋረጃው ተገለጠና የሙሄ ሚስት ጦይባ ብቅ አለች። የክር ብጥስጣሽ ሻሿ ላይ ተጣብቋል።

«ማሽኑ ምንም አልሆነም» አለች። ስልኩን ከባሏ እጅ ወስዳ ምስሉን አየችው። ቆየችበት። ከዚያ ለጌዴዎን መለሰችለትና፣ «ምስሉን በፍላሽ አምጡልኝ። መጀመሪያ ናሙና ሠርቼ አሳያችኋለሁ» አለች።

ጦይባና ሙሄ ከወሎ ወደ ጋምቤላ የመጡት እንደ ተጋቡ ነው። ሙሄ ከአጎቱ የጨርቅ ሱቅ ተረከበ፤ ጦይባ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዳ የኮምፒውተር ጥልፍ ተምራ ተመለሰች። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የእግር ኳስ ማሊያ፣ የመዘምራን ልብስ በእሷ እጅ ያልፋል። ሙስሊም ሆና ሳለ በከተማው ያለውን መዘምራን ሁሉ በስሙና በልብሱ ቀለም ለይታ ታውቃለች፤ ለገና የትኛው ነጭ፣ የትኛው ወይን ጠጅ እንደሚለብስ ሰው የሚጠይቀው እሷን ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ሲመጣ ሙሄ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ አያውቅም። ዛሬ እንዲህ ያለበት ምክንያት ነበረው።

ካቻምና በክረምት ጦይባ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወሯ ሳይደርስ ወባ ጣላት። ትኩሳቱ ሲበረታ ምጥ መጣ፤ ሆስፒታል ስትገባ ራሷን አታውቅም ነበር። ስትነቃ ሆዷ ባዶ ነው፣ አልጋው ጎን ያለው ወንበር ላይ ሙሄ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። «ወንድ ነበር» አላት። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ሲከፍት እጇን አነሳችበት። «በአላህ ይሁንብህ፣ አትንገረኝ» አለችው። አልነገራትም። ልጁ በዚያው ቀን ተቀብሯል።

ከዚያ ወዲህ ጦይባ ሆስፒታሉ ባለበት መንገድ አታልፍም። ጎረቤት ስትወልድ ገንፎ ለመብላት አትሄድም፤ ስጦታውን የሚያደርስ ሙሄ ነው። ቤታቸው ውስጥ የልጅ ነገር ከተነሳ ከሁለት አንዳቸው አንድ ሥራ ይታወሳቸውና ብድግ ይላሉ። እንዲህ ሆነው ይዋደዳሉ፤ ጠብ የላቸውም። ብቻ በመሃላቸው ማንም የማይከፍተው አንድ በር አለ።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ሙሄ እህሉን እያላመጠ፣ «ጅማ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ለእነሱ እንላከው» አላት።

«በዚህ ዝናብ መቼ ሊደርስ?»

«ጦይብ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ሥራዬ ነው ሙሄ። ተወኝ ልሥራው።»

በማግስቱ ፍላሹ ሲደርሳት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ምስል እንዳለ ወደ ልብስ አይሄድም፤ መርፌው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ክሩ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ አንድ በአንድ መሣል አለበት። በወንዙ ጀመረች። ወንዙ ቀላል ነበር፤ ረጃጅም ስፌት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተገለበጠ። የእናቲቱ ትከሻ አስቸገራት፤ ቀና ስታደርገው ወታደር ይመስላል፣ ስታጎብጠው ሸክም ያለባት ይመስላል። ደጋግማ ሠርታ አስተካከለችው። ሕፃኑን በችኮላ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ሣለችውና ፋይሉን ዘጋችው።

የመጀመሪያውን ናሙና ጌዴዎን እንደ ፈለገው ኪሱ ላይ ሠራችው። ልብሱን ከወጠረችበት ፍሬም ስታወጣው ኪሱ ከነአፉ ተሰፍቶ ተዘግቷል። በራሷ ሳቀች። ሁለተኛውን ልብስ ከኪሱ ከፍ አድርጋ ወጠረችው፤ ከሥር ደጋፊውን ጨርቅ አስገባችና ማሽኑን ለቀቀችው።

የእሷ ማሽን አንዱን ቀለም ሲጨርስ ይቆማል፤ ቀጣዩ ክር እስኪገባለት ይጠብቃል። ሰማያዊውን ጨረሰ፤ ወንዙ ወጣ። ቡናማውን ሰጠችው፤ እናቲቱ ወጣች፣ አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ እንደ ጎጆ የተጠማዘዙት ክንዶቿ። ቆመ። የቀረው ብርቱካናማው ነው፤ የሕፃኑ መጠቅለያ። ጦይባ ክሩን አነሳች። የክሩን ጫፍ በጣቷ ይዛ ብዙ ተቀመጠች። ጣቷ ወደ መርፌው አልሄድ አላት።

ክሩን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ልብሱን ከፍሬሙ ፈታችው።

ሙሄ ሲገባ ልብሱን ጭኗ ላይ አየው። እናቲቱ ባዶ ክንዷን አቅፋ ጎንበስ ብላለች። እጁን ጫንቃዋ ላይ ጣል አደረገ።

«ሻይ ላምጣልሽ?»

«አምጣልኝ።»

በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙሄ ለሶላት ወጥቶ ሳለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አንዲት ሴት ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ረጅም ናት፤ በዕድሜ ለጦይባ ታላቅ እህት ትሆናታለች። «አኬሎ ነኝ። ከክሊኒኩ፣ የአዋላጆቹ ኃላፊ። ጌዴዎን ናሙና እዪ አለኝ» አለች። የአኝዋ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋን ረጋ ብላ፣ እየመረጠች ነው የምትናገረው።

«ይግቡ ሲስተር፣ ይቀመጡ» አለቻት ጦይባ።

አኬሎ ሳቀች። «‹ይቀመጡ› አትበይኝ። ብዙ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። አንድ ነኝ። ተቀመጪ በይኝ።»

ጦይባም ፈገግ አለችና የመጀመሪያውን ናሙና ዘረጋችላት። አኬሎ ኪሱን በጣቷ ልትከፍት ሞክራ አቃታት።

«አይ ጌዴዎን! እሱ ኪስ ውስጥ ምንም አይዝም። እኔ እስክሪብቶ፣ ጓንት፣ መቀስ የት ላድርግ? ፀጉሬ ውስጥ?»

«እሱን አስተካክያለሁ» ብላ ጦይባ ሁለተኛውን ሰጠቻት። ወዲያው ምን እንደ ሰጠች ትዝ ሲላት እጇን ሰደደች፤ አኬሎ ግን ልብሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳው ነበር።

«ጥሩ ነው። ቆንጆ ነው። ወንዙ ባሮ ነው፣ አወቅኩት።» ከወንዙ በላይ ያለውን ባዶ ክንድ በጣቷ ዳሰሰች። «ልጁስ?»

«ክር… ያ ቀለም አልቆብኝ ነው።»

ብርቱካናማው ክር እንደ ሞላ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አኬሎ ክሩን አየችው። ከዚያ ጦይባን አየቻት፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ቀጥሎ ግን ቀረብ ብላ፣ የሆነ ፊት እንደሚፈልግ ሰው። ልብሱን ቀስ አድርጋ አጥፋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አንቺ የሙሄ ሚስት ነሽ» አለች። «እኔን አታውቂኝም። ያን ጊዜ ዓይንሽ ተከድኗል። ግን እኔ አውቅሻለሁ። ሆስፒታል እሠራ ነበር ያን ጊዜ። ተረኛ ነበርኩ።»

ጦይባ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ዝም በዪ ልትላት ፈለገች። እጇን ልታነሳ፣ ባሏን እንዳቆመችው ልታቆማት። እጇ ግን አልተነሳም።

«እፈልጋለሁ ካልሽ እናገራለሁ» አለች አኬሎ። «አልፈልግም ካልሽ ስለ ኪስ እናወራለን።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደ። ጦይባ በመጨረሻ፣ «ተናገሪ» አለች።

«ትንሽ ነበር። በጣም ትንሽ። ግን ተንፍሷል። አልቅሷልም፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድመት ልጅ።» አኬሎ በሁለት እጆቿ መጠኑን አሳየች። «ሐኪሙ አንቺን ይዞ ነው። ደም ይፈስሻል። ልጁን እኔ ወሰድኩት። እዚህ፣ ልብሴ ውስጥ፣ ቆዳዬ ላይ አደረግኩት። እንዲሞቀው። በእኛ ቋንቋ ልጅ ሲተኛ የሚዘፈን አለ፣ እናቴ ትዘፍነው ነበር። እሱን ዘፈንኩለት። የልጅ ዘፈን በአማርኛ አላውቅም፤ ለሱ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የጦይባ ዕንባ ጉንጯ ላይ ይወርድ ነበር።

«ብቻውን አልነበረም። ይህን እወቂ። አንድ ደቂቃም ብቻውን አልነበረም። ከዚያ አባቱ ገባ። ሰጠሁት። ጆሮው ላይ የእናንተን ጸሎት አለለት። ስሙንም ጠራው። ሰዓድ ብሎ። ብዙ ጊዜ ጠራው። ልጁ እዚያው አባቱ እጅ ላይ ነው የሄደ።»

«ማን ብሎ?» አለች ጦይባ።

«ሰዓድ።»

«ስም አለው?»

አኬሎ ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አታውቂም ነበር? እግዜር ይቅር ይበለኝ። የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

«ደግ አደረግሽ» አለች ጦይባ። አኬሎ ወንበሯን አስጠጋች፤ የጦይባን ራስ ወደ ትከሻዋ ስባ እንደ ሕፃን ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች ቆየች። አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ሲል በግንባሯ ምልክት ሰጥታ መለሰችው።

ስትነሳ ልብሱን ዳሰስ አደረገችው። «ልጁን ካልቻልሽ አትሥሪው። ወንዙና እናቷ ይበቃሉ። ጌዴዎንን እኔ እነግረዋለሁ።»

ሙሄ ከመስጊድ ሲመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጦይባን ከባንኮኒው ውጭ፣ ለደንበኛ በተቀመጠው አግዳሚ ላይ አገኛት። ጫማውን ሊጠርግ ጎንበስ ሲል፣ «ሰዓድ» አለች።

እንደ ጎነበሰ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?»

«ያቀፈችው ሴት።» ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ቁጣም ነበረበት። «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን? እኔ ስም የሌለው ልጅ እያሰብኩ፣ አንተ ስሙን እያወቅህ? አንድ ቤት ውስጥ?»

ሙሄ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አትንገረኝ አልሽ። በአላህ ይሁንብህ አልሽኝ። ምን ላድርግ?» አለ። «አንድ ቀን ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። አንዳንዴ ልትጠይቂኝ ትደርሺና ብድግ ትያለሽ። እኔም አንዳንዴ ልነግርሽ ስል ፊትሽን አይና ጨርቅ ልቆጥር እሄዳለሁ።»

እውነቱን እንደ ሆነ ጦይባ ታውቃለች። መንገዱ ላይ የታቆረውን ውሃ ባጃጆች እየበተኑት ያልፋሉ።

«ዓይኑን ገልጧል?» አለች።

«አዛን ሳሰማው ገለጠ። አየኝ። አየኝ ብዬ ነው የማምነው።»

«ማንን ይመስላል?»

ሙሄ ዕንባው እየመጣ ፈገግ አለ። «ጆሮው የአባትሽ ነው። እንደዚያ ወጣ ወጣ ያለ። በዚያች ትንሽ ጭንቅላት ላይ!»

ጦይባ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ፤ ሙሄም አብሯት አለቀሰ፣ በቀን ብርሃን፣ የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ። የሚያልፈው ሰው ምን ይል ይሆን ያለ አልነበረም።

«የት ነው ያለው?»

«መቃብሩ ጋ ዛፍ ተክያለሁ። ኒም። ጁምዓ ጁምዓ እሄዳለሁ፣ አረሙን እነቅላለሁ።» ዓይኑን ጠረገ። «ሴት መቃብር መሄድ ትችል እንደሆን ያኔውኑ የመስጊዳችንን ሼኽ ሙሐመድአሚንን ጠይቄአቸው ነበር። ስትችል ትምጣ፣ ዱዓ ታድርግለት ነው ያሉኝ።»

«መጀመሪያ ሥራዬን ልጨርስ» አለች ጦይባ። «ከዚያ ትወስደኛለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ሕፃኑን አዲስ አድርጋ ሣለችው። በችኮላ የሠራችው ወፍራም ጥቅል ብቻ ነበርና አፈረሰችው። አሁን ጊዜ ሰጠችው። ግንባሩን ክብ፣ መጠቅለያውን በእናቲቱ ክንድ ላይ እጥፍ እጥፍ ያለ አደረገችው። ብርቱካናማውን ክር መርፌው ውስጥ አስገባችው። ማሽኑ ተነሳ። ቆማ እስከ መጨረሻው አየችው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጎረፈ። መብራት ሲሄድ ሙሄ ከጎረቤት ሆቴል ጄኔሬተር ይለምናል፤ መብራት ሲመጣ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በትንሿ መቀስ የተንጠለጠለውን ክር ይከረክማል። ስሞቹን እየጮኸ ያነብላታል፦ ኢያሱ፣ አጅዋንግ፣ ሉል። የአንዷ ስም በሁለት ዓይነት ተጽፎ አጠራጠራቸውና ጦይባ ስልክ ደወለች። ባለስሟ ራሷ መጣች፤ ኛሩአች የምትባል ወጣት የኑዌር ነርስ ናት።

«ትምህርት ቤት መምህሩ ‹ሩት› ብሎኝ ቀረሁ» አለች እየሳቀች። «ስሜ ከበደው መሰለኝ። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ስሠራም ሩት ነበርኩ። እዚህ ግን ሙሉው ይጻፍልኝ። እናቴ ያወጣችው ነው።»

ጦይባ ስሙን በኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና አሳየቻት። ኛሩአች በከንፈሯ አንብባ ራሷን ነቀነቀች። ስትወጣ ሙሄ «ደስ የሚል ስም ነው» አለ። ጦይባም «ፊደሉ ሰፋ ቢል ይሻላል። ከአልጋ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር» አለችና የሁሉንም ስም ከፍ አደረገችው።

ልብሱ ያለቀ ዕለት ካርቶኖቹን ባጃጅ ላይ ጭነው ሁለቱም አብረው ሊያደርሱ ሄዱ። ድልድዩን ሲሻገሩ ባሮ ሞልቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እየተሸከመ ይወርዳል፤ ዳር ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ጦይባ ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሙሄም አንዱን ካርቶን ተሸክሞ ጠበቃት፤ አልገፋፋትም። ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ጠንካራ፣ የተቆጣ ለቅሶ ነበር። ጦይባ ትንፋሽዋን ስባ ገባች።

ጌዴዎን አዋላጅ ባይሆንም የመጀመሪያውን ልብስ የለበሰው እሱ ነው። ሆዱ ላይ ጠበበው እንጂ ደስታው ሌላ ነበር፤ በየክፍሉ እየዞረ ደረቱን አሳየ። አኬሎ ወደ ጓዳ ገብታ ለብሳ መጣች። ጦይባ ኮሌታዋን አቃናችላት፣ ትከሻዋን አስተካከለችላት። አኬሎ አንገቷን ሰብራ አርማውን አየችው፣ ሕፃኑን በአውራ ጣቷ ነካችው።

«ሠራሽው» አለች።

«ሠራሁት።»

ሌላ የሚባል ነገር ሳይኖር አልቀረም፤ ግን ከማዋለጃው ክፍል ኛሩአች «ሲስተር! ደርሳለች!» ብላ ተጣራች። አኬሎ የጦይባን እጅ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችና እየሮጠች ሄደች።

ጦይባና ሙሄ ከዚያ ወጥተው በቀጥታ ወደ መቃብሩ ሄዱ። መንገዱ ጭቃ ነበርና ሙሄ እጇን ይዞ ደረቅ ደረቁን መራት። ቦታውን ከሩቅ በጣቱ አሳያት፤ ትንሽ ከፍ ያለ አፈር፣ ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ፣ ከራስጌው ከጉልበት እምብዛም ያላለፈ ቀጭን ኒም። አረም የለበትም።

ጦይባ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ ሙሄ ራቅ ሊልላት ፈለገ፤ እሷ ግን ክንዱን ይዛ አስቀረችው። አጎንብሳ መዳፏን እርጥቡ አፈር ላይ አሳረፈች።

«ሰዓድ» አለችው። «እናትህ ነኝ።»

ከምዕራብ በኩል ደመናው እየጠቆረ መጣ። ነፋሱ የኒሙን ቅጠሎች አነቃነቃቸው። ሙሄ ሰማዩን አይቶ፣ «ዝናቡ ሊመጣ ነው፣ እንሂድ?» አላት።

«ትንሽ እንቆይ» አለች ጦይባ። «ስለ እሱ ሌላም ንገረኝ።»

ሙሄ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ፣ እሷንም ከጎኑ አስቀመጣት፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር።